ጄኔራል ዋሽንግተን ለልብስ ሰፊው የጻፈው ትእዛዝ

ጥያቄው የመጣው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከሚኖሩ አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ከአገር ቤት የመጡ እንግዶች ይዤ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ማውንት ቨርነን ሄጄ ነበር። ማታ ቤት ስገባ የሰውየውን ደብዳቤዎች ማገላበጥ ጀመርኩ። በጃንዋሪ 1799 መጨረሻ ላይ ፊላደልፊያ ላለ ልብስ ሰፊ የጻፈውን አገኘሁ። ስለ ሱፉ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ እጅጌው አንድ በአንድ ይዘረዝራል። እንግሊዝኛው ይገባኛል፣ ነገሩ ግን አልገባኝም። ጦር የሚያዝ ሰው ቁልፍ ምን ያስጨንቀዋል? ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ያየሁት ዩኒፎርም ይሄ የታዘዘው ነው? ልጄ ደግሞ ለትምህርት ቤት ዝግጅት ዋሽንግተንን ሆኖ ሊቀርብ ነው። ከደብዳቤው ተነስቶ ልብሱን ማሰፋት ይቻላል?»

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሙያውን የለመድኩት የመኮንኖች ልብስ በሚሰፋበት ቤት ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የማነበው እንደ ታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን ጠመኔና መቀስ እንደያዘ ሰው ነው። እንደኔ አስተያየት ዋሽንግተንን ያስጨነቀው ቁልፉ አይደለም። ርቀቱ ነው። ለፕሮቫ፣ ማለትም ልብሱ ሳያልቅ ለብሶ ለማየት፣ መቅረብ የማይችል ደንበኛ ያለው መሣሪያ ቃል ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ቃል ሲጎድል ምን ዓይነት ልብስ እንደሚመጣ በደንብ ያውቃል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ጊዜውን እንያዝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ዋሽንግተን በ1797 ሥልጣኑን ለጆን አዳምስ አስረክቦ እርሻው ላይ ቁጭ ብሏል። በ1798 አሜሪካና ፈረንሳይ ባሕር ላይ መታኮስ ጀመሩ። ጦርነት መምጣቱ ነው ተባለና አዲስ ሠራዊት ይቋቋም ጀመር። አዳምስ በጁላይ ወር ሽማግሌውን ሌተና ጄኔራልና ዋና አዛዥ አድርጎ ሾመው። 66 ዓመቱ ነበር። ያንን ኖቬምበርና ዲሴምበር ፊላደልፊያ ሄዶ ከጄኔራሎቹ ከአሌክሳንደር ሃሚልተንና ከቻርልስ ኮትስዎርዝ ፒንክኒ ጋር መኮንኖች ሲመርጥ ሰነበተ። ልብስ ሰፊው ጄምስ ማክአልፒን የሚሠራው እዚያው ከተማ ነው።

በጃንዋሪ 1799 የዩኒፎርሙ ደንብ ወጣ። የዋና አዛዡ ኮት ሰማያዊ ነው። ቁልፉ ወርቃማ፣ የትከሻው ማዕረግ የወርቅ፣ በእያንዳንዱ ትከሻ ላይ ሦስት የብር ኮከብ። ገበሩ፣ ኮሌታውና የእጅጌው እጥፋት «በፍ» በሚባለው ቀለም። ባርኔጣው ላይ ነጭ ላባ። ኮቱ ደረት ላይ ወደ ውጭ የሚታጠፍ ጨርቅ የለውም። ኮሌታው፣ የእጅጌው እጥፋትና ኪሱ ላይ ግን ጥልፍ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እንግሊዝኛው «ኬፕ» ይላል፣ የዛሬ አንባቢ ደግሞ ካባ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ልብስ ሰፊዎች አፍ ኬፕ ማለት ወደ ታች የሚታጠፍ ኮሌታ ነው። አደራ፣ ልጅዎን ካባ እንዳያለብሱት።

እንግዲህ ደንቡ ይህን ካለ ሌላ ደብዳቤ ለምን አስፈለገ? ደንብ ልብስ አይሰፋማ! ደንቡ «ሰማያዊ» ይላል። ሱቅ ገብተው ሰማያዊ ሱፍ ቢሉ ባለሱቁ አሥር ዓይነት ይዘረጋልዎታል። ደብዳቤው የሚጀምረው ደንቡ ካቆመበት ነው።

ሰማያዊው ሱፍ ከፈረንሳይ ወይም ከስፔን ሱፍ ምርጡና ለስላሳው ይሁን ይላል። ከሚገኘው ሁሉ ረቂቁ፣ ቀለሙም የጠለቀ። እዚህ ጋ ትንሽ ፈገግ ማለት ይፈቀዳል። ሠራዊቱ የሚቋቋመው ፈረንሳይን ለመውጋት ነው፣ አዛዡ ግን የፈረንሳይ ሱፍ ካልሆነ እያለ ነው። ልብስ ሰፊ አይፈርድበትም። ጥሩ ሱፍ ጥሩ ሱፍ ነው።

ስፔን የተጠቀሰችው በሜሪኖ በጎቿ ነው። በዚያ ዘመን ከሜሪኖ የሚስተካከል ለስላሳ ፀጉር አልነበረም። ለመኮንን ኮት የሚሆነው ሱፍ ከተሸመነ በኋላ ውኃ ውስጥ እየተወቀጠ ይጠብቃል። ከዚያ ላዩ ላይ ያለው ፀጉር ይነሣና በትልቅ መቀስ እኩል ይላጫል። ሲጨርስ የሽመናው ክር አይታይም፣ እጅ ሲያርፍበት እንደ ቆዳ ድፍን ነው። ጫፉን ቢቆርጡት አይተረተርም። የዚያን ጊዜ ኮቶች ብዙዎቹ ጫፋቸው ሳይታጠፍ እንደተቆረጠ የቀረው ለዚህ ነው። ሱፉ ተራ ከሆነ ይህ አይሠራም። በወሩ ጫፉ ጢም ያወጣል። «ምርጡና ለስላሳው» የምትለዋ ቃል ለቅንጦት ብቻ የገባች አይደለችም።

የጠለቀ ቀለም ያለውም እንደዚሁ ነው። ሰማያዊው ኢንዲጎ ከሚባል ማቅለሚያ ነው የሚገኘው። ኢንዲጎ አንዴ ነክረውት አይጠቁርም። ይነከራል፣ ይወጣል፣ አየር ይመታዋል፣ እንደገና ይነከራል። የጠለቀ ማለት ደጋግሞ የተነከረ ማለት ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል።

ሳላነሳው የማላልፈው ነገር አለ። ይህን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ቤት በዚያው በ1799 በተሠራ ቆጠራ 317 በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ የሚታዘዘው ጨርቅ ሻካራ ነበር፣ ልብሱም በዓመት ተቆጥሮ የሚታደል ነበር። ለራሱ ኮት የተጨነቀውን ያህል ለእነሱ ልክ የተጨነቀ የለም። ማውንት ቨርነን ሲሄዱ ይህንንም ያሳዩዎታል።

ወደ በፍ እንሂድ። ስሙ የመጣው ከለስላሳ ቆዳ ነው። ወተት የበዛበት ሻይ ቢሉ ይቀርባል። ዋሽንግተን ይህን ቀለም ያወቀው ዛሬ አይደለም። በ1774 የፌርፋክስ በጎ ፈቃደኞች ጓድ ሰማያዊና በፍ ለበሰ። እሱም በ1775 ፊላደልፊያ ኮንግረስ ሲገባ ዩኒፎርሙን ለብሶ ነበር። አሁን ለማክአልፒን ሲጽፍ «በፉ ቀለሙ የማይለቅ፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ብርቱካን የማያደላ፣ ስለብሰው እንደኖርኩት» ይላል። ይህች ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ትሰጣለች። «ስለብሰው እንደኖርኩት ይሁን» ነው ወይስ «ስለብሰው እንደኖርኩት አይሁን»? እኔ የመጀመሪያውን እይዛለሁ። 25 ዓመት አንድ ቀለም የለበሰ ሰው ያንኑ ነው የሚፈልገው። ግን ማክአልፒንን ብሆን ቁራጭ ጨርቅ በፖስታ ልኬ «የቱን ነው ጌታዬ?» ብዬ እጠይቅ ነበር።

ቁልፎቹ ምንም ምስል የሌለባቸው፣ ጠፍጣፋ፣ ምርጥ ድርብ ወርቅ የተቀቡ ይሁኑ ይላል። እርስዎን ግራ ያጋባው ይሄ ይመስለኛል። ቁልፉ ናስ ነው። ወርቅ ሜርኩሪ ውስጥ ይሟሟና ናሱ ላይ ይቀባል። ከዚያ እሳት ላይ ይሞቃል። ሜርኩሪው በኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ጭሱ የሠራተኛውን ጤና ይበላ ነበር። ድርብ ማለት የወርቁ ሽፋን ወፈር ያለ ማለት ነው። ስስ ከሆነ ሲወለወል ሲወለወል ናሱ ብቅ ይላል፣ ናስ ደግሞ ይጠቁራል። የመኮንን ቁልፍ በየጊዜው ይወለወላል። ሰውየው ይህን ያውቃል።

ሰደርያው ደረቱ ላይ የሚታጠፍ የሌለው፣ ቀጥ ያለ ይሁን። ይሄ ግልጽ ነው። የኮቱ የእጅጌ እጥፋት ደግሞ «ትልቅም ጠባብም ያልሆነ፣ በሁለቱ መካከል ልከኛ» ይሁን ይላል።

እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። በ30 ዓመት ውስጥ ይህን ያላለኝ ደንበኛ የለም። «አይጥበብ፣ ደግሞም አይስፋ፣ አንተ ታውቃለህ።» በሴንቲሜትር ስንት ነው? አይነግርዎትም። ሲሰፋ ግን ያውቀዋል። ጄኔራልም ቢሆን ደንበኛ ደንበኛ ነው።

ጀማሪ ሆኜ የማልረሳው አንድ ኮሎኔል ነበሩ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የጻፉትን ይዘው መጡ። ኮሌታው አንገት እንዳይፈጅ፣ የደረት ኪሱ ክዳን ላይ ከቁልፉ በስተግራ እስክሪብቶ የሚወጣበት ስንጥቅ እንዲተው፣ የሱሪው መቀመጫ መኪና ውስጥ ሲገቡ እንዳይተረተር ጨርቅ እንዲጨመርበት። ኪሱን በእጃቸው ስለውታል። እኔ «ምን ዓይነት ነዝናዛ ናቸው» አልኩ። ጌታዬ፣ ማለትም ሙያ ያስተማሩኝ ሰው፣ ወረቀቱን አንብበው እንዲህ አሉ፦ «ነዝናዛ አይደሉም። እኚህ ሰው ልብስ ተበላሽቶባቸው ያውቃል።»

ዋሽንግተንም ልክ እንደዚያ ነው። ልብስ በጣም ተበላሽቶበት ያውቃል።

ወጣት ሳለ የቨርጂኒያ ባለ እርሻዎች እንደሚያደርጉት ልብሱን የሚያዘው ከለንደን ነው። ትንባሆ በመርከብ ይሄዳል፣ ልብስ በመርከብ ይመጣል። በመካከሉ ወራት ያልፋሉ። በ1761 ለንደን ላለ ነጋዴ ሲጽፍ «ጥፋቱ የሰፊው ይሁን የተላከው ልክ አላውቅም፣ ልብሴ ግን አንድ ቀን በልኬ ሆኖ አያውቅም» አለ። እስቲ አስቡት። ስድስት ወር ጠብቆ ሳጥን ሲከፍት ሱሪው አጭር ነው። ማን ጋ ይሂድ?

በኤፕሪል 1763 ለለንደኑ ልብስ ሰፊ ቻርልስ ሎረንስ የጻፈው እስካሁን ካነበብኳቸው የልብስ ትእዛዞች ሁሉ የምወደው ነው። ልኬን እልክልህ ነበር፣ እዚህ አገር ግን አለካካቸው መጥፎ ስለሆነ አይጠቅምህም ይለዋል። ይልቅ ጥሩ የተሰፋ ልብስ የሚለብስ አንድ ጨዋ ሰው ፈልግና እሱን ለካ። ቁመቱ ስድስት ጫማ፣ ሰውነቱ የተመጣጠነ፣ ለቁመቱ ከወፍራምነት ይልቅ ወደ ቀጭንነት የሚያደላ፣ ክንዱና ጭኑ ረዘም ያለ። ሱሪውን ደግሞ ካለፈው አስረዝመው። የዚህን ልብስ ልክ አንተ ጋ አስቀምጥ፣ የሚስተካከል ካለ በሚቀጥለው እነግርሃለሁ።

ለንደን ውስጥ ሌላ ሰው ተለክቶ ቨርጂኒያ ያለው ሰው ሊለብስ ነው! ግን ሞኝነት አይደለም። ፕሮቫ ከሌለ ከቁጥር ይልቅ ሰው ይሻላል።

ያም ሆኖ አላስቻለውም። ደብዳቤውን ከጨረሰ በኋላ ምልክት የተደረገበት መለኪያ አብሮ ላከ። ያኔ ሴንቲሜትር ወይም ኢንች የታተመበት ሜትር ልብስ ሰፊ እጅ አልገባም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ረጅም ቁራጭ ይዘጋጃል፣ ደረቱ እዚህ፣ ወገቡ እዚህ እየተባለ ምልክት ይደረግበታል። ዋሽንግተን በአንዱ ጫፍ ለኮቱ ቁጥር አደረገ፦ 1 እና 3 ደረትና ዳሌ፣ 2 ሆድ፣ 4 ክንድ። በሌላው ጫፍ ለሱሪው ፊደል አደረገ፦ ወገብ፣ የጭን ውፍረት፣ ከጉልበት በላይ፣ ከጉልበት በታች፣ ርዝመት። በእነዚህ ለክተህ ተገቢውን ትርፍ ከተውክ ልትሳሳት አትችልም ብሎ ዘጋው። ሰውየው በወጣትነቱ መሬት ቀያሽ ነበር፤ እጁ ይታወቃል።

አሁን የኔን ጥርጣሬ ልንገርዎት። ቁመቴ ስድስት ጫማ ነው ይላል፣ 183 ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ሲሞት ጸሐፊው ቶባያስ ሊር አስከሬኑ ስድስት ጫማ ከሦስት ተኩል ኢንች ነው ብሎ መዝግቧል፣ ወደ 192 ሴንቲሜትር። አስከሬን ተጋድሞ፣ እግሩ ተዘርግቶ ሲለካ ረዘም ማለቱ አይቀርም። ግን ከልዩነቱ ግማሹን እንኳ ብንቀንስ፣ ሰውየው ለሎረንስ ከነገረው ይረዝማል። ሱሪው ሁልጊዜ ለምን እንዳጠረው ምናልባት መልሱ እዚህ ይሆናል። ቁመቱን አሳንሶ የሚናገር ደንበኛ ብርቅ ነው፣ ግን ገጥሞኛል።

ልማዱ ከዚያም በፊት ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ለአንድ ኮት የጻፈው ማስታወሻ አለ። ደረት ላይ የሚታጠፈው በእያንዳንዱ ጎን ስድስት የቁልፍ ቀዳዳ ይኑረው፣ ስፋቱ አምስት ወይም ስድስት ኢንች ሆኖ ከላይ እስከ ታች እኩል ይሁን፣ የመጨረሻው ቀዳዳ ዳሌ ላይ ካለው ቁልፍ ትይዩ ይዋል። ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው ይህን የሚጽፈው። ስለዚህ በ1799 «ጦር የሚያዝ ሰው» ብለን ከምንደነቅ፣ 50 ዓመት ሙሉ ለልብስ ሰፊ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው ብንል ይሻላል።

የልብሱ መጨረሻስ? ዋሽንግተን ቀን ቆርጦ ነበር፦ ፌብሩዋሪ 22። ልደቱ ነው፣ 67 ዓመት ይሞላዋል። በዚያው ቀን ደግሞ እቤቱ ያደገችው የሚስቱ የማርታ የልጅ ልጅ ኔሊ ኩስቲስ የእሱን የእህት ልጅ ሎረንስ ሉዊስን ታገባለች። የሰርግ ቀጠሮ! አገር ቤት ልብስ ያሰፋ ሁሉ የዚህን ታሪክ መጨረሻ ከወዲሁ ያውቀዋል።

አልደረሰም። ያሰናከለው ጥልፉ ነው። ተገቢው የወርቅ ክር አሜሪካ ውስጥ አልተገኘም፣ ከአውሮፓ መምጣት ነበረበት። ዋሽንግተን ራሱ ጥልፍ አልፈለገም። ደብዳቤውን በላከ ሰሞን ለጦር ሚኒስትሩ ለጄምስ ማክሄንሪ ሲጽፍ፣ በግሌ ጥልፍ አልወድም ካለ በኋላ፣ ኮቱ ተጠልፎ ሰደርያው ባዶ ከሆነ የተበጣጠሰና የማያምር አይመስልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ትክክል ነው። ኮቱ ሲከፈት የሚታየው ሰደርያው ነው። ላዩ ወርቀ ዘቦ፣ ውስጡ ሜዳ ሲሆን ዓይን ይጋጫል። ግን እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሲመጣ ልብስ ሰፊ ምን እንደሚሰማው እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ ሰርጉ የኔሊ ወንድም የተወው ትዝታ አለ። ሙሽራዋ ያጌጠውን አዲሱን ዩኒፎርም ልበስልኝ ብላ ብትለምነው፣ አሻፈረኝ ብሎ አሮጌውን ሰማያዊና በፍ ለበሰ ይላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ችግሩ አዲሱ ኮት በዚያ ቀን ቤት ውስጥ አልነበረም። አሮጌውን ለበሰ የሚለው ሊሆን ይችላል። አሻፈረኝ የሚለውን ግን ደብዳቤዎቹ አይደግፉትም። ሲጠብቀው ነበርና። ዋሽንግተን ዲሴምበር 14 ቀን 1799 ሲሞት ልብሱ እጁ አልገባም።

ስለዚህ ስሚዝሶኒያን ያዩት ይሄ አይደለም። ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ያለው ኮት በ1789 ገደማ የተሰፋ ነው። ሰደርያውና ሱሪው ደግሞ ከነፃነቱ ጦርነት ዘመን ናቸው። ሦስቱ በአንድ ቀን የተሰፉ ሙሉ ልብስ አይደሉም። ልብሱ ስሚዝሶኒያን የገባው በ1883 ነው። ከ1942 እስከ 1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ታሽጎ ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ ሄዷል። እንደገና ሲሄዱ ደረቱን ይመልከቱ። ወደ ውጭ የታጠፈ በፍ ጨርቅ አለው። በ1799 የታዘዘው ይህ እንዳይኖረው ነበር ደንቡ የከለከለው። ሁለቱን ለመለየት ይህቺ ብቻ ትበቃለች።

ለልጅዎ እንግዲህ የ1799ኙን ሳይሆን የሙዚየሙን ያሰፉለት። ሰው የሚያውቀው ያንን ነው፣ የወርቅ ክር ፍለጋም አያስፈልግዎትም። ሰማያዊው ወደ ጥቁር የሚጠጋ ይሁን፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰማያዊ አይሁን። እውነተኛ ሱፍ ውድ ነው። ወፈር ያለ ያገለገለ የሱፍ ካፖርት ገዝተው ቢያስፈቱት ይወጣዋል። ለበፉ ጨርቅ ሲመርጡ ደጅ ወጥተው በፀሐይ ይዩት። ሱቅ ውስጥ ባለው መብራት በፍ የመሰለው ውጭ ሲወጣ ቢጫ ይሆናል። ቁልፉ ጠፍጣፋ ናስ መሳይ፣ መልሕቅም ንስርም የሌለበት። ሱሪው ከጉልበቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይለቅ፣ ከሥሩ ነጭ ረጅም ካልሲ።

ቁመቱን ደግሞ ልጁን አይጠይቁት። ጫማውን አስወልቀው ግድግዳ አስደግፈው ይለኩት። ለሰፊውም የዝግጅቱን ቀን አይንገሩት። አሥር ቀን ቀደም አድርገው ይንገሩት።